ለማርቆሱ ወዳጄ፣ ስለሚንቀራፈፈው ኮምፒውተርህ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለአንተ፣ ለባለቤትህና ለልጆቹ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከሁለት ዓመት በላይ ድምፄን አጥፍቼ ከርሜ ዛሬ ብዕር ማንሳቴ እንደሚያሳፍረኝ አልሸሽግህም። ሆኖም ባለፈው ሳምንት እህትህን መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ አግኝቻት፣ የቤትህ ኮምፒውተር የፈተና ወረቀት ለማዘጋጀት እንኳ እምቢ እንዳለህ፣ አንድ ጠጋኝም «አርጅቷል፣ አዲስ ግዛ» ብሎ እንደመከረህ ስትነግረኝ፣ የዝምታዬን ምክንያት መደርደሩን በአካል ስንገናኝ አቆይቼ ስለዚሁ ጉዳይ በቶሎ ልጽፍልህ ወሰንኩ። እባክህ አትግዛ። ቢያንስ ይህን ደብዳቤ አንብበህ እስክትጨርስ አትግዛ።

እኔም በዚያው መንገድ አልፌያለሁ። በ2006 ዓ.ም. የገዛሁት ላፕቶፕ ተከፍቶ ለሥራ እስኪበቃ የሚፈጅበትን ጊዜ እኛ ቤት የምንለካው በቡና ነበር። ባለቤቴ ከሰሉን ስታያይዝ እኔ ማብሪያውን እጫናለሁ፤ ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው ተጥዶ ገና የምትሽከረከረዋን ክብ አያለሁ። አንድ ቀን በሰዓት ስለካው ዎርድ እስኪከፈት ድረስ 11 ደቂቃ ወሰደ። ሦስት ጊዜ ለጠጋኝ ሰጠሁት፣ ሦስት ጊዜም ፎርማት ተደርጎ ተመለሰልኝ፤ አንድ ሳምንት ይፈጥንና ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል። ይባስ ብሎ ከሁለተኛው ፎርማት በኋላ፣ ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የቆየ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የጻፍኩት የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ሲከፈት፣ ከላይ እስከ ታች ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ አገኘሁት። ተበላሸ ብዬ 14ቱንም ገጽ እንደገና ተየብኩ። ለካ ሰነዱ ምንም አልሆነም፤ እነዚያ የቆዩ የአማርኛ ሰነዶች ዛሬ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚያነቡት በዩኒኮድ የፊደል አመዘጋገብ ያልተጻፉ በመሆናቸው፣ የተጻፉበት የፊደል ቅርጽ (ፎንት) ኮምፒውተሩ ላይ ካልተጫነ እንዲያ ሆነው ነው የሚታዩት። አንተም የአሥር ዓመት የፈተና ወረቀት ስላለህ ይህን አስቀድሜ አነሳሁልህ።

በአራተኛው ጊዜ ግን ለማንም ሳልሰጥ፣ ኮምፒውተሩ በትክክል ምን እየጠበቀ እንደሚዘገይ ለማየት ቁጭ አልኩ። ይህን አንተም በአምስት ደቂቃ ታደርገዋለህ። ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫን፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። እዚያ ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አእምሮ)፣ ራሙ (የተከፈተው ሥራ ለጊዜው የሚያዝበት ቦታ) እና ዲስኩ (ፋይሎቹ የሚቀመጡበት) ምን ያህል እንደተያዙ በመቶኛ ይታያል። የእኔው ፕሮሰሰር ከ10 በመቶ በታች ይሠራ ነበር፤ ዲስኩ ግን 100 በመቶ ላይ ቆሞ አልወርድም አለ። እንግዲህ አእምሮው ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ የዘገየው አቀባዩ ነው። አርጅቷል ያሉኝ ሁሉ የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ሃርድ ዲስክ እንደ ዱሮው የሸክላ ማጫወቻ መሆኑን አስብ። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ በላዩም የሚመላለስ እንደ መርፌ ያለ አንባቢ አለ። የላፕቶፑ ዲስክ በአብዛኛው በደቂቃ 5,400 ጊዜ ስለሚዞር አንድ ዙር ለመጨረስ ሰከንድ ለሺህ ቢከፈል 11 እጁን ያህል ይፈጅበታል። ይህ ለጆሮ እጅግ ፈጣን ቢመስልም፣ እዚህም እዚያም የተበተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ሲፈልግ አንባቢው ቦታውን እስኪያገኝ፣ ሳህኑም ዞሮ እስኪደርስለት ስለሚጠብቅ በሰከንድ መቶ ያህል እንኳ ማንሳት አይችልም። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ የሚጠራቸው ትንንሽ ቁርጥራጮች ብዙ ሺህ ናቸው። ኤስኤስዲ የሚባለው የዲስክ ዓይነት ግን የሚሽከረከርም ሆነ የሚመላለስ ነገር የለውም፤ እንደ ፍላሽ በቺፕ ላይ ስለሚያስቀምጥ የዚያኑ ዓይነት ሥራ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ይጨርሰዋል። ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

ስለዚህ 240 ጊጋባይት የሚይዝ ኤስኤስዲ ገዛሁ። የአካሉ ቅርጽና ልክ ከላፕቶፑ ሃርድ ዲስክ ጋር አንድ ስለሆነ በትንሽ ካቻቢቴ አራት ብሎን ፈትቼ አሮጌውን አወጣሁ፣ አዲሱን በዚያው ቦታ ገፋሁት፤ ዊንዶውሱንም በላዩ ላይ እንደ አዲስ ጫንኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ እንደነበር ባልነግርህም ታውቀኛለህ። በማግስቱ ማብሪያውን ስጫን በ25 ሰከንድ ተከፈተ፣ ባለቤቴም ከሰሉን ሳታያይዝ ቀረች። ያው ፕሮሰሰር ነው፣ ያው ዋና ሰሌዳ (ማዘርቦርድ) ነው፣ የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው።

የአንተ ዴስክቶፕ ስለሆነ ሥራው እንዲያውም ይቀልልሃል። የጎኑን ሽፋን ስታነሳ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ነው፤ አሮጌውን ዲስክም ማውጣት ሳያስፈልግህ ኤስኤስዲውን አጠገቡ ሰክተህ ዊንዶውስ በእርሱ ላይ ይጫን፣ አሮጌው ደግሞ የዕቃ ግምጃ ቤት ሆኖ ይቀመጥልህ። ነገር ግን ምንም ከመነካቱ በፊት የፈተና ወረቀቶችህንና የልጆቹን ፎቶ በሌላ ቦታ ገልብጥ፣ የአማርኛ ፎንቶቹንም ጨምር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባል የለ? በተለይ አሮጌው ዲስክ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ነገ ዛሬ ሳትል ገልብጥ፣ ያ ድምፅ የመሰናበቻው ነውና።

ከዲስኩ ቀጥሎ ራሙን ተመልከት። ዎርድና ኢንተርኔት ብቻ ከፍተህ ራሙ ከ80 በመቶ በላይ ከተያዘ፣ ኮምፒውተሩ ያልበቃውን ቦታ ከዲስኩ እየተበደረ ሳይሆን አይቀርም፤ ዲስኩ ደግሞ ከላይ የነገርኩህ ዓይነት ከሆነ መከራው እጥፍ ይሆናል። ከ4 ጊጋባይት ወደ 8 ማድረስ ለቤት ሥራ ይበቃል። ሁለት ነገር ግን ልብ በል። ዲዲአር3 የሚባለው ራም ዲዲአር4 በሚቀበል ሰሌዳ ላይ አይገባም፣ ጠርዙ ላይ ያለው ቁርጥ (ኖች) አይገጥምም፤ ስለዚህ የተለጠፈበትን ጽሑፍ ሳታነብ አትግዛ። ሁለተኛ፣ የተጫነልህ ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ ብትጨምርለትም አይጠቀምበትም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ራም ጨምሮ ለውጥ ባለማየቱ ሻጩን ሲረግም ከርሞ፣ ጥፋቱ እዚህ ላይ ሆኖ አግኝተነዋል።

ያለ ምንም ወጪ የሚሆነውም አለ። በዚያው ታስክ ማናጀር ስታርታፕ የሚለውን ብትከፍት ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሳይጠሩ የሚነሡትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ታያለህ፤ የማታውቀውን ተወው፣ የምታውቀውንና ጠዋት ጠዋት የማትፈልገውን ግን ዲስኤብል በለው። ሁለት አንቲቫይረስ ተጭኖ ከሆነ አንዱን አጥፋ፣ እርስ በርሳቸው እየተፈታተሹ ማሽኑን ያደክሙታል፤ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ለቤት ይበቃል ባይ ነኝ። «ኮምፒውተርህን በአንድ ጠቅታ እናፈጥናለን» የሚሉትን ፕሮግራሞች በፍጹም አታስገባ፤ አብዛኞቹ ራሳቸው ሸክም ናቸው። ከፎቶ ኮፒ ቤት የሚመለስ ፍላሽህንም ሳታስፈትሽ አትክፈት። ፎልደሮችህን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚለውጠው ቫይረስ የሚገባው በዚያ በር ነው፣ መምህራን ደግሞ ከዚያ በር አትርቁም።

አቧራውንም አትርሳ። የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ በአቧራ ከታፈነ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፕሮሰሰሩም እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ጠዋት ደህና ሠርቶ ከሰዓት በኋላ የሚደክም ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ በሽታው ይኸው ነው። ከመብራት ነቅለህ በደረቅ የቀለም ብሩሽ ጥረገው።

ዊንዶውስ 10ን በሚመለከት፣ ማይክሮሶፍት ነፃ የደኅንነት ማሻሻያውን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉ ፕሮሰሰሮችን ስለሆነ የአንተውን ላይቀበለው ይችላል። በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሥርዓት እኔ በአሮጌው ማሽኔ ላይ ሞክሬው ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን የቆዩ የአማርኛ ሰነዶችህ ስላሉ ይህን ተገናኝተን እንወስን እንጂ በደብዳቤ አልገፋፋህም።

አሁን የምለምንህ ይህን ነው። ኮምፒውተሩን ከመብራት ነቅለህ የጎኑን ሽፋን ክፈትና የራሙን ጽሑፍ፣ የሃርድ ዲስኩን ተለጣፊና ባዶ የራም ማስገቢያ መኖር አለመኖሩን በስልክህ ፎቶ አንስተህ ለእህትህ ላክላት። እርሷ ለገና ወደ ማርቆስ እንደምትወርድ ስለነገረችኝ፣ ልኩን ካወቅሁ ዕቃውን ከዚህ ገዝቼ በእጇ እልክልሃለሁ። ዋጋውን ከመጠየቅህ በፊት፣ በተማሪነታችን ያበደርከኝና እስከ ዛሬ ያልመለስኩልህ ገንዘብ እንዳለ አስታውስ።

የድሮው የዶርም ጓደኛህ