መልሳችሁ ያላያችሁትን ባክአፕ አትመኑ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁን አነባለሁ። ስለ አዳዲስ ስልኮች ብዙ ትጽፋላችሁ። እባካችሁ ለሃርድ ዲስክም ቦታ ስጡት፤ የሰው ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የሒሳብ መዝገብ በአንድ ቀን ድራሹ የሚጠፋው እዚያ ነው።

ብዙ ሰው ፋይሉን ከሲ ድራይቭ ወደ ዲ ገልብጦ ባክአፕ፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂ፣ አለኝ ይላል። ሲ እና ዲ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ዊንዶውስ ተበላሽቶ ሲ ብቻ ፎርማት ሲደረግ ዲ ይተርፋል፣ ይሄ እውነት ነው፤ ዲስኩ ራሱ ሲሞት ወይም ላፕቶፑ ሲሰረቅ ግን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ሁለት ዲስክ በሬይድ 1፣ ማለትም አንዱ ላይ የሚጻፈው ሌላውም ላይ እንዲጻፍ አድርጎ፣ ያጣመረም ሰው አይዘናጋ። አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል፤ በስህተት የተሰረዘ ፋይል ግን ከሁለቱም ላይ እኩል ነው የሚጠፋው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስም ተሰክቶ ያገኘውን ውጫዊ ዲስክ አይምርም፣ ስለዚህ ገልብጦ ሲጨርስ መንቀል ነው። ባለሙያዎች 3-2-1 የሚሉት ደንብ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። ጥሩ ደንብ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን መመለሱን ማንም አለመሞከሩ ነው። ፕሮግራሙ "ተሳክቷል" ካለ ሁሉም እዚያው ላይ ያቆማል። ኮምፒውተሩ አልነሳም ያለ ቀን በምን ሊነሳ ነው? ማስነሻ ፍላሽ ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። የሙሉ ዲስክ ኢሜጅ (ዲስኩ ከነሲስተሙ እንዳለ የተቀዳበት ፋይል) ያለው ሰው አዲስ ዲስክ ሲገዛ መጠኑን ይይ፤ ክሎንዚላን የመሰሉ የዲስክ መገልበጫ ፕሮግራሞች ካልተነገራቸው በስተቀር ከድሮው ባነሰ ዲስክ ላይ አይመልሱም፣ የያዘው ዳታ ትንሽ ቢሆንም እንኳ። ዲስኩ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ ከተቆለፈ ደግሞ 48 አሃዝ ያለው የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ሊጠየቅ ይችላል፣ ቁልፉ የተቀመጠው እዚያው የተቆለፈው ዲስክ ውስጥ ከሆነ አለቀ። ከሁሉ የከፋው ምንጩንና መድረሻውን ማምታታት ነው፤ ባዶው ዲስክ በሞላው ላይ ይገለበጣል። ሁለቱ ዲስኮች አንድ መጠን ካላቸው በመጠን ብቻ መለየት አይቻልም፣ ሞዴላቸውንና መለያ ቁጥራቸውን ማየት ግድ ነው።

ፓርቲሽን (እንደ ሲ እና ዲ ያለ የዲስክ ክፍል) ማስፋትና ማጥበብም ያው ነው፤ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ዳታው ሊበላሽ ስለሚችል መጀመሪያ ባክአፕ። ፋይል ከጠፋ በኋላ ደግሞ በዚያ ዲስክ ላይ ምንም አለመጻፍ፣ የማዳኛ ፕሮግራሙንም ቢሆን እዚያ ላይ አለመጫን። ዲስኩ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣኑ ዓይነት) ከሆነ ትሪም የሚባለው አሠራር የተሰረዘውን ቶሎ ስለሚያጸዳው ተስፋው የመነመነ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው፦ በዓምዳችሁ ላይ አንድ ባክአፕ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት እንደሚመለስ በሥዕል አስደግፋችሁ አሳዩን። መገልበጡን ሁሉም ያውቀዋል።

አክባሪ አንባቢያችሁ