የሴፍቲኔት ክፍያ ስንት ኪሎ እህል ይገዛል? ለገበያ ጥናታችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የወሎ ልጆችና ወዳጆች፣ በአገር ቤትም ሆነ በባሕር ማዶ ያላችሁ፤

በዚህ ዓመት የምንጠይቃችሁ ገንዘብ ለእህል መግዣ ሳይሆን ለጥናት የሚውል ነው። የተራበ ሰው ባለበት አገር ለጥናት እጅ መዘርጋት ለብዙዎች ጆሮ እንደሚከብድ እናውቃለን። የምንጠይቀው ግን አምነንበት ነው።

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ መልካም ነበር። በየዓመቱ እህል የሚያጥረው ቤተሰብ ድርቅ በመጣ ቁጥር እርዳታ ከሚጠብቅ፣ እርከን እየሠራና መንገድ እየጠረገ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 15 ኪሎ እህል ወይም ያንን የሚገዛ ብር እንዲያገኝ ታሰበ። እህሉ በሚሰጥበት ቦታ 15 ኪሎ ምንጊዜም 15 ኪሎ ነው። ብሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የቀን ክፍያው አስቀድሞ ይተመናል፤ ገበያው ደግሞ ተመን አይጠብቅም። መጀመሪያ በቀን 6 ብር የነበረው ክፍያ በ2000 ዓ.ም. ወደ 8 ብር ከፍ ሲል የእህሉ ዋጋ ጥሎት ሄዶ ነበር፤ ብዙ ተጠቃሚዎችም ብሩ ቀርቶ እህል ይሰጠን ያሉት በዚህ የተነሳ ነው። ክፍያው ሲዘገይ ደግሞ በየካቲት የተሠራበት ብር የሚወጣው በግንቦት ገበያ ይሆናል። ያን ጊዜ ጎተራው ባዶ ነው፤ ሻጩ ጥቂት፣ ገዢው ብዙ ነው።

ልናጠና ያሰብነው ይህንኑ ነው። በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በወረኢሉና በባቲ ዓመቱን ሙሉ በየገበያው ቀን የማሽላ፣ የጤፍ፣ የስንዴና የባቄላ ዋጋ ይመዘገባል። መዝጋቢው ዋጋ ጠይቆ ብቻ አይመለስም፤ በቁና ወይም በጣሳ የተሰፈረውን እህል በሚዛን ይለካዋል። ስፍር ከገበያ ገበያ ይለያያል፤ ዋጋው ባለበት ቆሞ ስፍሩ ሲያንስም ገዢው ተጎድቷል፣ ወረቀት ላይ ግን ምንም የተለወጠ አይመስልም።

ባቲን የመረጥነው በምክንያት ነው። ሰኞ ሰኞ አፋሩ ፍየልና ግመሉን ይዞ ይመጣል፣ ደገኛው እህሉን ይዞ ይወርዳል። ዝናብ ሲጠፋ ሁሉም እንስሳውን ለመሸጥ ስለሚሽቀዳደም የፍየሉ ዋጋ ይወድቃል። አንድ ፍየል ተሸጦ ስንት ኪሎ ማሽላ እንደሚገዛ ሰኞ በሰኞ የሚመዘግብ ሰው፣ የምርት ሪፖርት ከመውጣቱ በፊት ችግሩ ሲመጣ ያየዋል። የእህል ዋጋ ብቻውን እንደማይበቃ ያስተማረን የራሳችን ታሪክ ነው። በ1965ቱ የወሎ ረሃብ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን እንደነበር ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን አሳይተዋል። ሰዉ ያለቀው መግዣ አጥቶ ነው።

በየቤቱም እንጠይቃለን። ተመራማሪው አቶ ደሳለኝ ራህማቶ በወሎ አምባሰል ካካሄዱት ጥናት እንደምንረዳው፣ ገበሬው ችግር ሲመጣበት አስቀድሞ ማዕዱን ይቀንሳል፣ ሥራ ፍለጋ ይወጣል፣ ትንንሽ እንስሳቱን ይሸጣል፤ በሬውን እስከ መጨረሻው ይይዛል። የእርሻ በሬ ለገበያ ከቀረበ በኋላ የሚደርስ እርዳታ የዘገየ እርዳታ ነው። በልግም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በአገር አቀፍ የምርት ድምር ድርሻው ትንሽ ስለሆነ በቀላሉ ይታለፋል። ይሁንና ማሽላ ለመድረስ ረጅም ጊዜ የሚፈልግ እህል በመሆኑ የሚያዝያ ዝናብ ከቀረበት ገበሬው በክረምት ጤፍ ወይም ሽምብራ ለመተካት ይገደዳል። ማሳው በሪፖርቱ ላይ የተዘራ ተብሎ ይቆጠራል፤ ቤተሰቡ ግን ማሽላውንም ለከብቱ የሚሆነውን አገዳም አጥቷል።

ይህን መንግሥት ወይም ለጋሽ ድርጅት ለምን አይሠራውም የሚል ጥያቄ ይነሳል። የሚሠሩት አለ፤ ሥራቸውንም እናከብራለን። ነገር ግን ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የተቋቋመው ፊውስ ኔት የተባለው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት በጥር 2017 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ በተላለፈ ውሳኔ ተቋረጠ፣ ድረ ገጹም ተዘጋ። ከወራት በኋላ ሥራ ቢጀምርም፣ ስለ ራሳችን ረሃብ የምናውቀው ነገር በሌላ አገር በጀት ላይ መንጠልጠሉ ሊያሳስበን ይገባል። በሚያዝያ 1965 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ፎቶግራፍ አንስተው በግቢያቸው ባያሳዩ ኖሮ የተሸሸገው ረሃብ ከዚያም በላይ ተሸሽጎ ይቆይ ነበር። ዛሬ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሲቪል ማኅበራት ፖሊሲና ሕግ እንዲሻሻል ሐሳብ እንዲያቀርቡ ይፈቅዳል። የጎደለን ማስረጃውን የምናሰባስብበት አቅም ነው።

ገንዘቡ የሚውለው ለመዝጋቢዎች አበልና መጓጓዣ፣ ለሚዛን፣ ለስልክ፣ መረጃውን ለሚተነትን ባለሙያና ለኅትመት ነው። መዝጋቢዎቹ ትምህርት ጨርሰው ሥራ ያላገኙ የየአካባቢው ወጣቶች ይሆናሉ፤ ጸጥታው በማይፈቅድበት ሳምንት ማንም ወደ ገበያ አይላክም። ለአስተዳደር ሕጉ ከፈቀደው 20 በመቶ በላይ አናወጣም። ውጤቱ በአማርኛ ተጽፎ አስቀድሞ መልስ ለሰጡን ገበሬዎች ይነበባል፤ ከዚያም ለግብርና ሚኒስቴር፣ ለአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንና ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል። ክፍያው በቂ ሆኖ ከተገኘም እንደዚያው ብለን እንጽፋለን።

በሳዑዲ ዓረቢያና በኤምሬትስ የምትሠሩ እህቶቻችን፣ እህል ሲወደድ መጀመሪያ ስልክ የሚደወለው ለእናንተ ነው። በሰው ቤት ለፍታችሁ የምትልኩት ብር ስንት ቤት እንደሚያቆም እናውቃለንና ከአቅማችሁ በላይ አንጠይቅም፤ 100 ብርም ትልቅ ነገር ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ብትችሉ በቡድን ሆናችሁ የአንድ ገበያን የዓመት ወጪ ተሸከሙልን። በአገር ቤት ያላችሁ የስታትስቲክስና የግብርና ባለሙያዎች ሙያችሁን በነጻ ብትሰጡን እንደ ገንዘብ እንቆጥረዋለን።

ለሰጣችሁት ሁሉ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ የገቢና የወጪው ዝርዝርም በየሦስት ወሩ ለሁላችሁም ይላካል። የበልግ እርሻ በየካቲት ስለሚጀምር መዝጋቢዎቹ ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ገበያ መገኘት አለባቸው። ስለዚህ የምትሰጡትን እስከ ጥር 15 ድረስ በየከተማችሁ ላሉት ተወካዮቻችን አድርሱልን።