ሰኞ ማታ ስለሚያንቀጠቅጥህ ነገር

ታዴ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? መጥፋቴን አውቃለሁ፤ ስድቡን ስንገናኝ ታወርድብኛለህ፣ አሁን ያዝልኝ። እህትህ ሰኞ ማታ ሰኞ ማታ እንደሚያንቀጠቅጥህ፣ ክሊኒክ ስትሄድም «ታይፎይድ ነው» እንደሚሉህ ነገረችኝ። ታይፎይድ ከመቼ ወዲህ ነው ቀን መርጦ የሚመጣው?

እኔ የምጠረጥረው የምትበይደው የብረት ቱቦ እንዳይዝግ የተለበጠበትን ዚንክ ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይተናል፤ ብረቱ ለመቅለጥ ከ1,400 በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ብየዳው ሳይይዝ ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ይነሳል። የጭሱ ብናኝ በቁጥር አብዛኛው ከ100 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) በታች ስለሆነ አፍንጫ አያስቀረውም፣ ሳንባህ ጫፍ ድረስ ይወርዳል። ከ4 እስከ 10 ሰዓት ቆይቶ አፍህ ብረት ብረት ይላል፣ ውኃ ይጠማሃል፣ ብርድ ብርድ ይልህና ትተኩሳለህ። በአንድ ሁለት ቀን ይለቅሃል። በሳምንቱ መሐል ሰውነት ይለምደዋል፤ እሁድ ስታርፍ ልማዱ ይጠፋና ሰኞ እንደ አዲስ ይይዝሃል። የወባ ምርመራውን ግን አትተው።

በያጆች ለጭሱ መድኃኒት ነው የሚሉትን ወተትም ጠጣ፣ ማን ይጠላል! ግን ወተት የሚወርደው ሆድ ውስጥ ነው፣ ብናኙ ያለው ሳንባ ውስጥ።

ከመበየድህ በፊት መጋጠሚያውን ግራና ቀኝ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር በግራይንደር ግፈፈው፤ ውጭ፣ ማስክ አድርገህ። የቱቦው ውስጡም የተለበጠ ነውና ጭሱ ጨርሶ አይቀርም። ስትጨርስ ዚንክ ያለበት ቀለም ቀባው፣ አለዚያ ይዝጋል። ቬንትሌተሩን በጎንህ አድርገው፤ ከጀርባህ ከነፋ ጭሱ ዞሮ ፊትህ ላይ ይመጣል። ማታ ወለሉን በደረቁ አትጥረግ፣ በኮምፕረሰርም አትንፋ፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውለው።

ሻርፕና የሐኪም ማስክ አይረቡም። ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራው ኤን 95 የሚባለው ማስክ ይሁን። «ናኖ ከሆነ ማስኩን ያልፋል» ለሚሉህ አትስማ፤ እንዲህ የደቀቀው ብናኝ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ ወዲያ ወዲህ ሲል ከማጣሪያው ክር ጋር ይጣበቃል። የሚገባብህ በጠርዙ ክፍተት ነው። እና... ያ የምትኮራበት ጺም መላጨት አለበት። ልጅቷ ትውደደው አትውደደው አላውቅም፣ ማስኩ ግን አይወደውም።

ትንፋሽ ካጠረህ ወይም በሁለተኛው ቀን ከባሰብህ ሆስፒታል ሂድና «የተለበጠ ብረት ስበይድ ዋልኩ» በል፤ ካልነገርካቸው ላይጠይቁህ ይችላሉ። ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት የተቀባ አሮጌ ቡሎን ሲበየድም አጀማመሩ ይኸው ነው፣ ግን ሳንባን ውኃ ሞልቶ ሊገድል ይችላል።

አንድ ነገር ልበልህ፣ እንዳትቆጣ። ማስኩን እኔ ገዝቼ ብልክልህስ? ውለታ አይደለም... ተወው፣ እልካለሁ።

ደግሞ ስቴንለስ (የማይዝገውን ብረት) መበየድ ጀምረሃል የሚባለው እውነት ነው? የእሱ ጭስ ክሮሚየምና ኒኬል አለበት። ትኩሳት እንኳ ላያመጣብህ ይችላል፤ የብየዳ ጭስን ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2017 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። መጀመሪያ ይህን መልስልኝ፤ የኤሌክትሮዱን ፓኬትም ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።

ያንተው