ለልጄ፣ ብሩ የት እየገባ እንደሆነ

ልጄ እንዴት ነሽልኝ፣ ጤናሽስ፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ለመደሽ ወይ? እኛ አልሀምዱሊላህ ደና ነን፣ ደሴ ብርዱ ብሶበታል፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ እስከ ረፋድ አይገፈፍም፣ አባትሽ ጋቢውን ሳያወልቅ ነው የሚውለው። ሐሙስ ማታ ስትደውዪ ግን ድምፅሽ ደስ አላለኝም። ደሞዝ ከገባ ገና 16 ቀኑ ነው፣ "እማ 1,500 ብር በቴሌብር ላኪልኝ" ስትዪኝ እያፈርሽ እንደሆነ ገብቶኛል። ለናትሽ ምን ያሳፍራል፣ ብሩን ላክሁልሽ አለቀ። እንቅልፍ የነሳኝ ግን "እኔንጃ እማ፣ ምንም አልገዛሁም እኮ" ያልሽኝ ነገር ነው። እሱን አውቀዋለሁ፣ ደርሶብኛል፣ ስልክ ላይ አውርቼ ስለማልጨርሰው ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ።

አንቺ ትንሽ ልጅ ሆነሽ አባትሽ ወገቡን ታሞ ሥራ ያቆመ ጊዜ ትዝ አይልሽ ይሆናል፣ ያኔ ሰፈራችን ካለ አንድ ሱቅ በዱቤ እወስድ ነበር። ሩብ ኪሎ ስኳር፣ በላስቲክ የታሰረች ዘይት፣ ግማሽ ሳሙና፣ አንድ ጧፍ፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ስለሆነ ምንም የወሰድኩ አይመስለኝም ነበር፣ ወር ሲሞላ ባለሱቁ ደብተሩን ሲያሳየኝ እግሬ ከዳኝ። ቤት ገብቼ ደምሬ ደምሬ ሳየው በሩብ በሩብ የወሰድኩት ስኳር በኪሎ ብገዛው ኖሮ ከሚያወጣው በጣም በልጦ አገኘሁት፣ ዘይቱማ አይወራም። ሰውዬው አልሰረቀኝም፣ ችርቻሮ እንደዛ ነው፣ እጁ ላይ ትንሽ ብር ያለው ሰው በትንሽ በትንሹ ስለሚገዛ ካለው ሰው በላይ ይከፍላል፣ በላይ ስለሚከፍል ደሞ ሁሌም ትንሽ ብር ነው እጁ ላይ የሚቀረው። አንቺም አሁን እዛ ውስጥ ነው የገባሽው።

ከዛ የወጣሁት ሁሉንም ባንዴ በጅምላ ገዝቼ አይደለም፣ ከየት አምጥቼ። በወር አንድ ነገር ብቻ መረጥኩ። መጀመሪያ ሳሙና፣ ለሁለት ወር የሚሆነኝን ባንዴ ገዛሁ፣ በሚቀጥለው ወር የሳሙና ወጪ ስለሌለብኝ በሱ ስኳሩን፣ ቀጥሎ ዘይቱን በጄሪካን፣ እንደዛ እያልኩ ስድስት ወር ሳይሞላ ዱቤውን ዘግቼ ወጣሁ። አንቺም ከማይበላሽ ነገር ጀምሪ፣ ሳሙና፣ ጨው፣ ሻይ ቅጠል። ሽንኩርትና ቲማቲም አይደለም፣ ኮምቦልቻ ላይ ይበሰብስብሻል። ዘይቱን ደሞ ሳታዘገዪ፣ ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ዋጋው እንዴት እንደሆነ ከኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ።

አሁን ወደ እንጀራው ልምጣ፣ ትልቁ ነገር እሱ ነው። በቀን 3 እንጀራ ከሱቅ እንደምትገዢ ነግረሽኛል፣ አንዱ 25 ብር ቢሆን በወር 2,250 ብር ነው፣ ለአንድ ሰው! እስቲ አንድ ጊዜ ኪሎ ዱቄት አቡክተሽ ስንት እንጀራ እንደሚወጣው ቁጠሪና ከምትገዢው ጋር አስተያዪው፣ እኔ ብነግርሽ አታምኚኝም። ጤፉ ብቻውን ከከበደሽ ሲሶውን ማሽላ አርጊው፣ እኛ ወሎዎች ከማሽላ ጋር አድገናል፣ በደንብ ከቦካ እንጀራው ለስላሳ ነው የሚሆነው፣ ብቻ ትኩሱን ብዪው፣ ሲያድር ትንሽ ይደርቃል።

ለሳምንት ጋግሬ አስቀምጣለሁ እንዳትዪ ግን፣ እኔም መጀመሪያ እንደዛ አርጊ ልልሽ ነበር፣ ኋላ ነው ያሰብኩት። ከደሴ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርጂ 600 ሜትር ገደማ እኮ ነው የምትወርጂው፣ እዚህ ሳምንት የሚቆየው እንጀራ እዛ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ሻጋታ ያወጣል። በየሦስት ቀኑ ምጣድ መጣድ ደሞ መብራቱ አይቻልም፣ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ነው የሚስበው፣ ገና እስኪግል ድረስ አንድ እንጀራ ሳይወጣው መብራት ይበላል። የመብራት ሂሳቡም በእርከን ነው፣ ብዙ በተጠቀምሽ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ዋጋ ራሱ ይጨምራል፣ እናንተ ጊቢ ደሞ አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ስለሆናችሁ የሁላችሁም ተደምሮ ውዱ እርከን ላይ ነው የሚወጣው፣ ጥፋቱ የማንም ሳይሆን ሁላችሁም ትከፍላላችሁ። ስለዚ ከጎንሽ ካለችው ከነርሷ ልጅ ጋር ተነጋገሪ፣ አንድ ቀን ባንቺ ምጣድ የሁለታችሁንም ሊጥ ጋግሩ፣ ከሦስት ቀን በኋላ በሷ። አንዴ በጋለ ምጣድ ሁለት ቤት ይጠግባል፣ ሁሌም ትኩስ ትበላላችሁ። የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች ሲቀሩሽ ሶኬቱን ንቀዪው፣ ሸክላው በያዘው ሙቀት ይበስላሉ፣ ከዛ የተረፈውን እንጀራ ቆራርሰሽ እዛው ላይ አስጪው፣ ድርቆሽ ይሆንልሻል። እኔ እዚህ ከእትዬ ጎረቤታችን ጋር ስንት ዓመታችን ነው፣ እሷ በጾሟ እኔ በጾሜ፣ ምጣዱ አንድ ነው።

ሻይ ስታፈዪ አንዴ አፍዪና ፔርሙስ ውስጥ ገልብጪው። ባቄላና ሽንብራ ማታ ዘፍዝፊ። የስልክ ፓኬጅ በየቀኑ ከመግዛት የወሩን። ባጃጅ ኮንትራት ለመሸ ቀን ብቻ ይሁን። እነዚህን አታጪያቸውም።

ማኪያቶውን ግን ልንገርሽ፣ እንዳትቆጪ። በቀን 60 ብር ስትዪው ምንም አይደለም፣ በወር 1,800 ነው፣ ከኔ ከጠየቅሽኝ በላይ። እኔን ብሩ ብቻ አይደለም ያሳዘነኝ፣ የጊቢው ሴቶች ቡና ሲጠሩሽ አትሄጂም ማለትሽን ሰምቼ ነው። ተራ ገብተሽ አፍዪ፣ በሳምንት አንድ ቀን ያንቺ ቢሆን ሌላውን ቀን ተጠርተሽ አቦል ቶና በረካ ትጠጫለሽ፣ ሽንኩርት የት እንደረከሰ የምትሰሚውም እዛ ነው፣ ብትታመሚ በርሽን የሚያንኳኳውም እዛ የተቀመጠ ሰው ነው።

የእድር መዋጮ ግን እንዳትቆርጪ። ምሳም እንዳትዘይ፣ ፋብሪካ ውስጥ ቆሞ የሚውል ሰው ሳይበላ አይቆጥብም፣ ኋላ ለሐኪም ነው የሚከፍለው። ፋብሪካችሁ ውስጥ እቁብ ካለ ግቢ፣ ሲወጣልሽ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ግዢበት፣ ጥር ላይ ቢደርስልሽ ደስ ይለኛል፣ አዲሱ ጤፍ ተወቅቶ ገበያ የሚገባበት ነው።

ይሄን ሁሉ የምልሽ ጦርነቱ ደሴ የገባበትን ጥቅምት 2014ን ስለማልረሳው ነው። አንቺም አትረሺውም፣ ባንክ ተዘግቶ፣ መብራቱ ስልኩ ጠፍቶ፣ ከወር በላይ እንደዛ ስንቀመጥ ያኖረን ጓዳ ውስጥ የነበረው ሽሮና በሶ ነበር፣ አካውንት ላይ ያለው ብር አልደረሰልንም። ከዛ ወዲህ ጓዳዬ ባዶ ሲሆን ልቤ ይመታል፣ ያንቺም ጓዳ ባዶ ነው ሲሉኝ እንደዛው።

ደብተር ግዢ፣ ትንሿን፣ ማታ ማታ ያወጣሽውን ጻፊ፣ የአምስት ብሩንም ቢሆን፣ ለአንድ ወር ብቻ። ስትመጪ አብረን እንደምረዋለን፣ አልቆጣሽም።

ቅዳሜ ጠዋት 5 ኪሎ ሽሮና 2 ኪሎ በርበሬ በሚኒባስ እልክልሻለሁ፣ ረዳቱ ሲደውልልሽ ቶሎ ውጪና ተቀበዪው፣ ሽሮው ትንሽ እርጥበት ስላለው ከመክደንሽ በፊት ግማሽ ቀን ጥላ ላይ አናፍሺው። ባዶ ጣሳዎቹን ስትመጪ ይዘሽልኝ ነይ፣ ለሚቀጥለው እፈልጋቸዋለሁ።

እናትሽ