ካልወጣ ደግሞ ማንሳት ይቻላል ወይ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የሠርግና የምርቃት ወቅት በመጣ ቁጥር እዚህ ሐዋሳ በየቤቱ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ሁሉም ጥሩ ስልክ ይዟል፤ ለፎቶ አንሺ ገንዘብ ማውጣት ለምን?» የድግስ ወጪ በከበደበት በዚህ ጊዜ ጥያቄው ተገቢ ነው። ባለሙያ የማያስፈልገው ብዙ ነገር ስላለ፣ ይህን ቀድመን መናገር ያለብን በሙያው ውስጥ ያለነው ነን። መለኪያው አንድ ነው፦ ፎቶው ቢበላሽ ያንኑ ነገር ደግሞ ማንሳት ይቻላል ወይ?

የልጅ ልደት፣ በቴሌግራም የሚሸጥ ጫማ፣ የምግብ ቤት ሜኑ በስልክ በደንብ ይሠራል። መጀመሪያ ግን ሌንሱን በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። ፎቶን ጭጋግ የሚያለብሰውና ከመብራት ላይ ጭረት የሚያወጣው ብዙ ጊዜ የጣት ቅባት ነው። ዕቃውን ቀጥታ ፀሐይ በማይገባበት መስኮት አጠገብ አስቀምጡና አምፖሉን አጥፉ፤ የመስኮትና የአምፖል ብርሃን ሲደባለቅ አንዱ ጎን ሰማያዊ፣ ሌላው ቢጫ ይሆናል። በጥላው በኩል አንድ ነጭ ወረቀት ብታቆሙ ጥቁረቱ ይቀላል። ሰው ስታነሱ ፊቱ ድረስ አትጠጉ፤ አፍንጫ ያገዝፋል። ሁለት ሜትር ያህል ራቁና 2 እጥፍ የሚያቀርበውን ሌንስ ተጠቀሙ፤ ከሌለው አንስታችሁ ቁረጡት።

ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ የሚነሳ ሰው ሁሉ ሐይቁን ከጀርባው ያደርጋል። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ስለሆነ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋም የምትሆነው ከጀርባው ነው። ስልኩ ሰማዩንና ውሃውን አሳያለሁ ሲል ፊትን ያጠቁራል፤ ስክሪኑ ላይ ፊትን ነክታችሁ ስታበሩት ሐይቁ ነጭ ወረቀት ይሆናል። በስልክ ለሚነሳ ሰው የዚህ ቦታ ሰዓት ጠዋት ነው፤ ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ብርሃኑ ለስላሳ ሆኖ ፊት ላይ ያርፋል። ቀን 6 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባልና ተዉት። ሠርገኛ ግን ሰዓት አይመርጥም፤ አጀቡ ሐይቅ ዳር የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በ10 ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ፊትን ከሰማዩ ጋር ለማመጣጠን ፍላሽ ወይም ብርሃን መላሽ ያስፈልጋል። ለባለሙያ ከምትከፍሉት ውስጥ ትልቁ ድርሻ ይህ ነው።

የሐበሻ ቀሚስም እንዲሁ ፈተና ነው። ፍሬሙን ነጭ ሸማ ሲሞላው ስልኩ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያጨልማል። ፊትን ለይቶ የሚያበራ ስልክ ደግሞ የሸማውን ክር ያጠፋውና ቀሚሱ የኖራ ግድግዳ ይመስላል። ስክሪኑ ላይ ፊቷ ባለበት ጣት አሳርፋችሁ ትኩረቱና ብርሃኑ እስኪቆለፍ ያዙ፤ ከዚያ የፀሐይዋን ምልክት ትንሽ ወደ ታች ሳቡ። ፖርትሬት የሚባለውን ማደብዘዣ አጥፉት፤ የነጠላውን ዘርፍ ከጀርባው ጋር አብሮ ያደበዝዘዋል።

ድንኳን ስትከራዩ ጣሪያው ነጭ ይሁን። በቀይ ወይም በሰማያዊ ሸራ ውስጥ ያለፈ የቀን ብርሃን የእንግዳውን ሁሉ ፊት ያንኑ ቀለም ይቀባል፤ ይህን ጎበዝ ባለሙያም በኤዲት ሙሉ በሙሉ አያጸዳውም።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚፈጸመው ተክሊል ከሁሉም ይከብዳል። ብርሃን ሲያንስ ስልክ ብዙ ፎቶ በተከታታይ አንስቶ ወደ አንድ ያዋህዳል። ለቆመ ነገር ግሩም ነው፤ የሚንቀሳቀስ እጅና ፊት ግን ብዥ ይላል። ባለሙያ ብዙ ብርሃን እንዲገባ ሌንሱን እስከ ኤፍ 2.8 ወይም 1.8 ከፍቶ (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ እንቅስቃሴ እንዳይደበዝዝ የመዝጊያውን ፍጥነት ከ1/125 ሰከንድ ሳያወርድ፣ አይኤስኦውን ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት 3200 እና ከዚያ በላይ አድርጎ ያለ ፍላሽ ይሠራል። ትንሽ ነጠብጣብ ሊታይ ይችላል፤ ከደበዘዘ ፊት ግን እጅግ ይሻላል። ተክሊል ደግሞ አይደገምም።

ሌላው ጥፋት የሚደርሰው ከተነሳ በኋላ ነው። 20 በ30 ሳንቲሜትር ጥርት ብሎ እንዲታጠብ ወደ 2400 በ3600 ፒክስል ይፈልጋል፤ የዛሬ ስልኮች ይህን ያሟላሉ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ግን ብዙ ጊዜ ረዥሙ ጎን 1280 ፒክስል ብቻ ሆኖ ይደርሳል። ይህ ጥርት ብሎ የሚታጠበው እስከ 11 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ግድግዳ ላይ ለመስቀል 30 በ40 ስታሳጥቡት ሽፋሽፍት እንኳ አይለይም። «እንደ ፋይል» ብላችሁ ላኩ።

ባለሙያ ለመያዝ ከወሰናችሁ፣ ቀብድ ሳትከፍሉ አንድ ሙሉ ሠርግ ከቤት መውጫው እስከ ማታው ያሳያችሁ። ቲክቶክ ላይ የተለጠፉ 10 ምርጥ ፎቶዎች ስለ ጨለማው አዳራሽ አይናገሩም። ራሱ ይመጣል ወይስ ሌላ ይልካል? መጠባበቂያ ካሜራ አለው? ካሜራው በሁለት ሜሞሪ ካርድ ላይ በአንዴ ይጽፋል? አንድ ካርድ ተበላሸ ማለት ቀኑ ሙሉ ጠፋ ማለት ስለሆነ ይህን ጥያቄ እንዳትዘሉት። ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ስንት የተስተካከለ ፎቶ እንደሚያስረክብ፣ የአልበሙ መጠንና የገጹ ብዛት፣ የርክክቡ ቀን፣ ሰዓት ካለፈ የሚጨመረው ሒሳብ በጽሑፍ ይቀመጥ።

ባለሙያ ተያዘ ብላችሁ ግን ስልኩን አታስቀምጡ። ፎቶ አንሺው ሙሽሮቹን ተከትሎ ሲወጣ ጓዳ ውስጥ ሌሊቱን ወጥ ሲያማስሉ ያደሩት እናቶች አልበሙ ውስጥ ሳይገቡ ይቀራሉ። ከቤተሰቡ አንዲት ልጅ ይህን ብቻ እንድትይዝ አድርጉ፤ የጓዳውን በር ከፍታ፣ ሌንሷን ጠርጋ፣ ጭሱ ፋታ ሲሰጥ ታንሳቸው። ማታውኑ እንደ ፋይል ትላከው።

ፎቶ አንሺ፣ ከሐዋሳ