የጌዴኦን ጓሮ በሳተላይት ብቻ አንመዝግበው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ስለ ዲጂታል ግብርና በየመድረኩ ብዙ ይነገራል። በጌዴኦ ዞን ለዓመታት በልማት ጣቢያ ሠራተኝነት ያገለገልሁ ሰው በመሆኔ፣ የቡና ማሳዎችን በስልክና በጂፒኤስ የመመዝገቡን ሥራ በሚመለከት የማቀርበው ሐሳብ አለኝ።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት ወደ ገበያው የሚገባ ቡና ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት ያልመጣ መሆኑ፣ ከማሳው መጋጠሚያ ነጥብ (በጂፒኤስ ከሚወሰደው የማሳው መገኛ) ጋር መቅረብ ይኖርበታል። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢገፋም ምዝገባው የማይቀር ነው፤ እኔም አልቃወመውም። የሚያሳስበኝ የምዝገባው ዓይን ምን ያህል ያያል የሚለው ነው። በነፃ ከሚገኙት የሳተላይት ምስሎች አንዱ በሆነው በሴንቲኔል 2 ምስል፣ ምስሉ ከተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች (ፒክሰሎች) አንዷ 10 ሜትር በ10 ሜትር፣ ማለትም 100 ካሬ ሜትር መሬት ትሸፍናለች። ለተንጣለለ የስንዴ ማሳ ይህ ከበቂ በላይ ነው። በይርጋጨፌ ዙሪያ ባለ ጓሮ ግን በዚያችው 100 ካሬ ሜትር ላይ ከላይ ዋንዛ ወይም ብርብራ፣ ከሥሩ እንሰትና ቡና፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ጎደሬና ጎመን ተደራርበው ይገኛሉ። ሳተላይቱ የሚያየው የላይኛውን ቅጠል ብቻ ስለሆነ፣ አባትና አያት የተከሉትን የቡና ጓሮ ደን ብሎ ሊመዘግበው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ያረጀ የጥላ ዛፍ ቢቆርጥ ደን እንደ መነጠረ ሊቆጠርበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቢል ሞሊሰንና ዴቪድ ሆልምግረን በአውስትራሊያ ፐርማካልቸር ብለው የሰየሙት የእርሻ ስልት የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ ቁመታቸው የሚለያይ ተክሎችን አደራርቦ መትከል፣ አፈርን ራቁቱን አለመተው፣ የአንዱን ተረፈ ምርት ለሌላው ማዳበሪያ ማድረግ። (ቃሉን በአንድ ሥልጠና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ፣ የእንሰት ቅጠል ከቡናቸው ሥር የሚጎዘጉዙትን የጌዴኦ እናቶች አስታውሼ በሆዴ ስቄአለሁ።) የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም ሕዝብ በተጨናነቀበት ተዳፋት ላይ ይህ ጥምር እርሻ አፈሩን ይዞ በመቆየቱ ጭምር ነው።

የምክር አገልግሎታችን ግን የተቀረጸው በአንድ ሰብል ልክ ነው። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 ነፃ የስልክ መስመር ማንበብ ለማይችል አርሶ አደር ጭምር በድምፅ መረጃ ማድረሱ ያስመሰግነዋል፤ ሲነሣ ግን በዋናነት የያዘው እንደ ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ ያሉ የእህል ሰብሎችን ምክር ነበር። የጓሮው ባለቤት የሚያስፈልገው ሌላ ነው። የእንሰት አጠውልግ በሽታን እንውሰድ፤ ከተክል ወደ ተክል ከሚተላለፍባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ታማሚ እንሰት የተቆረጠበት ቢላዋ ነው። መሣሪያውን በእሳት አግሎ ማጽዳት፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ከብትንም ከዚያ ማራቅ ገንዘብ የማይጠይቅ መከላከያ ነው። በአንድ ቀበሌ በሽታው እንደ ታየ በጌዴኡፋ የሚነገር አጭር የድምፅ መልእክት ወደ አጎራባች ቀበሌዎች ስልክ ቢላክ፣ እኔ በእግሬ ሳምንት የሚፈጅብኝ የነበረው ማስጠንቀቂያ በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል። ቆጮ የምታዘጋጀው እናት ስልክ ባይኖራት መልእክቱ በባሏ እጅ እንዳይቀር ግን መታሰብ አለበት።

ስለዚህ መዝጋቢው ለቡናው መጋጠሚያ ነጥብ ሊወስድ ማሳው ድረስ መሄዱ ካልቀረ፣ በዚያው ጉዞ የጥላ ዛፉን ዓይነት፣ የእንሰቱን ብዛትና ጤንነት፣ ቡናው የተተከለበትን ዘመን ከባለቤቱ ጠይቆ ቢመዘግብ ተጨማሪው ድካም ከግማሽ ሰዓት የሚበልጥ አይመስለኝም። እንዲህ ያለው መዝገብ ጓሮውን በደንነት ከመሳሳት ያድናል፤ ለምክሩም መነሻ ይሆናል። ጋዜጣዎ ጉዳዩ የሚመለከታቸውን አካላት እንዲጠይቅልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ማሳው የተመዘገበለት አርሶ አደር የራሱን መረጃ ቅጂ ያገኛል? ስሕተት ቢያይበትስ የሚያስተካክልለት ማን ነው?

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ከዲላ