«ምንም ጥገና የማይፈልግ» ስለሚባለው ቤት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የጋዜጣችሁን የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ገጽ ሳላየው አላልፍም። ቤት ልገዛ አይደለም፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ነው። በቧንቧ ሥራ ላይ 26 ዓመት ቆይቻለሁ። ሰው ቤት ሲገዛ የሚደውለው ለደላላ ነው፤ ከገዛ በኋላ ግን ለእኔ ነው። ሰሞኑን ታዲያ «ምንም ጥገና የማይፈልግ» የምትል ሐረግ በዛችብኝ። በአንድ ገጽ ላይ ብቻ 5 ጊዜ ቆጠርኳት።

ፍላጎቱ ይገባኛል። ባልም ሚስትም ሥራ ውለው የሚገቡበት ቤት ውስጥ ቅዳሜን መሰላል ላይ ማሳለፍ የሚፈልግ የለም። ጡረታ የወጣ ሰውም አሸንዳ ሊጠርግ ጣሪያ ላይ ባይወጣ ደስ ይለዋል፤ ልጆቹማ ከእሱ በላይ ደስ ይላቸዋል። ሻጩም ይጠቀማል። ገዢ ቤት እየዞረ በልቡ ሒሳብ ይሠራል። የተላጠ ቀለም ያያል፣ ይቀንሳል። ያበጠ በር ያያል፣ ይቀንሳል። የሚቀንሰው ደግሞ ጥገናው የሚፈጀውን ያህል አይደለም፤ የፈራውን ያህል ነው። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በቀን 86,400 ጠብታ ይጥላል፤ 20 ሊትር ገደማ ነው። መድኃኒቱ አንዲት የጎማ ቀለበት ናት። ገዢው ግን ጠብታዋን ሲሰማ የሚታየው ቀለበቷ አይደለችም፤ ቤቱ በሙሉ እንደተጣለ ነው የሚታየው።

ስለዚህ ሥራ የማያበዛ ቤት ቢፈለግ አልፈርድም። የሚያናድደኝ «ምንም» የምትለዋ ቃል ናት።

ከቤት ሽያጭ ሰዎች የሰማኋት አንዲት ስሌት አለች፤ ለጥገና በዓመት የቤቱን ዋጋ 1 በመቶ አስቀምጥ የምትል። ግምት ናት። አዲስ ቤት ላይ ትበዛለች፣ አሮጌ ላይ ታንሳለች። ዜሮ አስቀምጥ ያለኝ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ዕቃው መሻሻሉ እውነት ነው። ድሮ የምንዘረጋው የብረት ቧንቧ የዚንክ ሽፋኑ ሲያልቅ ከውስጥ ይዝግና ይጠባል። አንዴ ቆርጬ ያወጣሁት ግማሽ ኢንች ቧንቧ ውስጥ የክብሪት እንጨት እንኳ በግድ ነበር የሚያልፈው። አሁን በሙቀት የሚጣበቀው የፕላስቲክ ቧንቧ አይዝግም። ውጭ ፀሐይ ላይ ከዋለ ግን ይደርቅና ይሰባበራል። የአሉሚኒየም መስኮት ቀለም አይፈልግም፤ የእንጨቱን ያህል አያስቸግርም። ከታች ያሉት ትንንሽ የውኃ መውጫዎች በአቧራ ሲደፈኑ ግን ዝናቡን ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። በዓመት አንዴ በስንጥር መጥረግ ነው፣ አለቀ። የጣሪያ ቆርቆሮም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ቆርቆሮው አርጅቶ ሳይሆን ብሎኑ ሥር ያለው ጎማ በፀሐይ ደርቆ ነው። እነዚህን የማያይ ሰው ቤቱ ጥገና የማይፈልግ ይመስለዋል። ለጥቂት ዓመት።

ይህን የምለው ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። የራሴን ቤት ስሠራ ሁሉም ነገር ልሙጥ ይሁን፣ ምንም አይታይ አልኩ። መታጠቢያ ቤቱን ከወለል እስከ ኮርኒስ ሴራሚክ አለበስኩት። ቧንቧውም፣ መጋጠሚያውም፣ የውኃ መዝጊያውም ግድግዳ ውስጥ ገባ። የመጣ ሁሉ «ሲያምር!» ብሎ ሄደ። በ7ኛው ዓመት ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ያለው የመኝታ ቤት ግድግዳ፣ ከወለል አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አወጣ። ጨው ነው። ውኃ በሲሚንቶ ውስጥ ሲያልፍ ጨው ያሟሟል፤ ላዩ ላይ ወጥቶ ሲደርቅ ጨዉን ትቶ ይሄዳል። ይህን ለስንት ሰው አስረድቻለሁ። የራሴን ግን በብሩሽ ጠረግኩና ቀለም ቀባሁበት። በ2 ወሩ ቀለሙ እንደ ፊኛ ተነፋ። ባለቤቴ በጣቷ ጫን ስታደርገው ውኃው እጇ ላይ ፈሰሰ። «የሰው ቤት ሲሆን ትሮጣለህ» አለችኝ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባል የለ።

መጋጠሚያውን ለማግኘት 11 ሴራሚክ ሰበርኩ። ያፈሰሰችው የአውራ ጣት ያህል ነገር ናት፤ እሷን መቀየር ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ሴራሚኩን መልሶ ማልበሱ ግን 4 ቀን ፈጀ። ስሠራ ትርፍ ስላላስቀረሁ ተመሳሳዩን ፈልጌ አጣሁ። ግድግዳው እስክንሸጠው ድረስ በሁለት ዓይነት ነጭ ኖረ። (ነጭ አንድ ቀለም የሚመስለው ሰው ሴራሚክ ፍለጋ ይውጣና ይየው።)

በሰበርኩት ቦታ ላይ ግን ትንሽ በር አበጀሁ። 30 በ30 ሳንቲሜትር፣ በ4 ብሎን የምትያዝ። አታምርም። ለእኔ ግን የማያስቸግር ቤት ማለት ከዚያ ቀን ወዲህ እሷ ናት፤ የሚበላሸው ነገር የት እንዳለ የሚታወቅበትና ሳይፈርስ እጅ የሚገባበት ቤት።

ከዚያ ወዲህ ደብተር መያዝም ጀመርኩ። ቀለም መቼ እንደተቀባ፣ የውኃ ማሞቂያው መቼ እንደተቀየረ፣ አሸንዳው መቼ እንደተጠረገ ጻፍኩ። ኩሽናውን ሳድስ ደግሞ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ሜትር ዘርግቼ ፎቶ አነሳሁት። ቧንቧው ከጥጉ 42 ሳንቲሜትር ላይ እንደሚያልፍ ፎቶው ላይ ይነበባል።

ዓምና ልጆቹ ወጥተው ቤቱ ሲሰፋብን ሸጥነው። ሊያዩት ከመጡት መካከል አንድ ባልና ሚስት ነበሩ። ደላላው ኮርኒሱን ሊያሳያቸው ቸኩሏል። ሴትዮዋ ግን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆመች። «ይቺ ምንድን ናት?» አለች፣ በሯን እያሳየች። ደላላው ፊቱ ተቀየረ። ብሎኖቹን ፈታሁላትና «እስቲ አንቺው ውኃውን ዝጊው» አልኳት። መዝጊያውን አዞረች፣ ቧንቧውን ከፈተች፤ ውኃ የለም። መልሳ አዞረች፤ መጣ። ሁለት ጊዜ ደገመችው። «ሌሎቹስ የት ናቸው?» ስትለኝ ደብተሩን ሰጠኋት። ባልየው ማጠቢያው ላይ ተቀምጦ ገጽ በገጽ አነበበው። ስለ 11ዱ ሴራሚክም ጽፌያለሁ፤ አልደበቅኩም። ከጠየቅነው ዋጋ ብዙም አልወረዱም። በማግስቱ ተስማማን።

እንደ እሷ የሚያይ ገዢ ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው ጣሪያና ወለል አይቶ ይሄዳል። እኔ ብሆን ቤት የማየው ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ነው። ውኃው ከግድግዳው እየራቀ ይሄዳል ወይስ ወደ ግድግዳው ይመለሳል? በ3 ሜትር ርቀት 15 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ የሚል መሬት ካለ ደግ ነው። ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ከፍቼ አሸታለሁ። ከአራቱ ግድግዳ አንዱ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ካገኘሁ ደግሞ ምክንያቱን ሳልጠይቅ አልወጣም።

እናንተንም አንድ ነገር ልጠይቅ። ማስታወቂያ ሲመጣላችሁ «ምንም» የምትለዋን ቃል ሰርዛችሁ በምትኩ አንዲት መስመር ብታስጨምሩ ምን ይላችኋል? ጣሪያው በዚህ ዓመት ተቀየረ፣ ቀለሙ በዚህ ዓመት ተቀባ የምትል። ሻጩ የሚጽፈው ካጣ እሱም ራሱ መረጃ ነው።

ሴትዮዋ ከ3 ወር በኋላ ደወለችልኝ። ማጠቢያው ሥር ያለው ቧንቧ ይንጠባጠባል አለች። ዕቃዬን ላነሳ ስል፣ «አይ፣ አይምጡ፤ ዘግቼዋለሁ። የጎማዋን ልክ ልጠይቅዎት ብዬ ነው» አለችኝ። «ግማሽ ኢንች ናት» አልኳት። አመስግና ዘጋችው።

የዘወትር አንባቢያችሁ
የቧንቧ ሠራተኛው